አንቴናውን ያዞረው እጅ

ባለፈው ክረምት ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ ዝናብ ይዞኝ፣ ከአንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ሱቅ በረንዳ ተጠልዬ ባጃጅ ስጠብቅ፣ ጠጋኙ ጀርባው የተከፈተ አሮጌ ቴሌቪዥን ቢሰካ ያ ድምፅ መጣ፤ ሽንኩርት ትኩስ ዘይት ውስጥ ሲገባ የሚያሰማው ዓይነት፣ ምስል የጠፋበት ቴሌቪዥን ድምፅ። ከሠላሳ ዓመት በላይ አልሰማሁትም ነበር። ባጃጁ መጥቶ ቢቆምም ግድግዳውን ተደግፌ ስለቀረሁ ሾፌሩ አሞኝ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ደህና ነኝ ብዬው ገባሁ።

በደርግ ዘመን፣ እኔ የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጅ ሳለሁ፣ አወቱ ወንዝ አጠገብ በነበረው ቤታችን ውስጥ አንድ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ነበረ። የእኛ ግን አልነበረም፤ ሸቤ ከተማ ቡና የሚነግደው የእናቴ ወንድም ገበያ በቀናው ዓመት ገዝቶት፣ የእርሱ ቤት መብራት ስላልነበረው ከእህቱ ዘንድ አስቀምጦት፣ ጅማ በመጣ ቁጥር እያየው ይመለስ ነበር። በሰፈሩ ሌላ ቴሌቪዥን ስላልነበረ ሲመሽ ጎረቤቱ ሁሉ እኛ ቤት ይሰበሰብ ነበር፤ አባቴ በርጩማ ሠሪ ስለነበረ መቀመጫ አይቸግርም፣ እናቴም በትልቁ ማንቆርቆሪያ ሻይ ታፈላ ነበር። ቴሌቪዥን እያለ በር ዘግቶ ለብቻ ማየት ተደብቆ ከመብላት የባሰ ነውር ነበር።

አንቴናውን የሠራው ታላቅ ወንድሜ ከማል ነው። የአሉሚኒየም ዘንግ ቆራርጦ፣ በረጅም የባሕር ዛፍ እንጨት ጫፍ አስሮ፣ ማሰራጫው ወዳለበት ተራራ አዙሮ አቆመው። ነፋስ በነካው ቁጥር ግን እንጨቱ ይዞርና መስታወቱ ሰርገኛ ጤፍ የተበተነበት ይመስል ነበር፤ ያኔ ከማል ወጥቶ ያዞራል፣ እኔ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሜ እጮኽለታለሁ። «ጠፋ!» እላለሁ፣ «መጣ!» እላለሁ፣ ምስሉ ጥርት ሲል ደግሞ «በቃ ከማል፣ እዚያው ተወው!» እላለሁ። ይህችን የመጨረሻዋን ስል ቤቱ ሁሉ ይስቅልኝ ስለነበር እንደ ሹመት ነበር የምቆጥራት።

በክረምት የጅማ ዝናብ ማብቂያ የለውም። ከማል በየምሽቱ ቆርቆሮ ላይ እየወጣ መበስበሱ ሲሰለቸው፣ አንድ ቀን ጣሪያውን ቀዶ፣ የአንቴናውን እንጨት ወደ ውስጥ አስገብቶ፣ ቀዳዳውን በቅጥራን ደፍኖ፣ ከዚያ ወዲያ ኮርኒስ ውስጥ ሆኖ ያዞረው ጀመር። ኮርኒሱ ከቡና ጆንያ የተሰፋ፣ በኖራ የተቀባ ስለነበር የሚነገረው ሁሉ ወደ ላይ ይሰማል። እናቴ ጣሪያው መቀደዱን ስታይ ብትቆጣም፣ ሰው ሁሉ ብልሃቱን ሲያደንቅለት እርሷም በልጇ ኮራች።

በጥቅምት ቡናው ሲቀላ የብሔራዊ ውትድርና ዝርዝር ወጣ፣ የከማልም ስም ነበረበት። ከዚያ በፊት የሄዱት የሰፈራችን ልጆች ወሬያቸው አልተሰማም ነበርና አባቴ በኮርኒሱ እንጨቶች ላይ ጣውላ አነጠፈ፣ እናቴ ፍራሽ አቀበለች፣ ለሰውም ከማል ሸቤ አጎቱ ዘንድ ቡና ለቀማ ሄዷል ተባለ። እኔንም እናቴ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ በቁርዓን አስምላ፣ ማንም ቢጠይቀኝ ሸቤ ነው እንድል አስጠናችኝ። በመንገድ ላይ፣ በትምህርት ቤት፣ በወፍጮ ቤት ተጠየቅኩ፤ አንድ ቀንም አልተሳሳትኩም።

አባቴ መጀመሪያ ቴሌቪዥኑ ተበላሽቷል ብሎ ሊዘጋው ፈልጎ ነበር። ሁለት ምሽት ዘጋው፤ በሦስተኛው ቀን ጎረቤት ምን ሆናችሁ፣ ምን አስቀየምናችሁ እያለ ሲያጨናንቀን፣ እናቴ የተዘጋ በር የበለጠ ያስወራል ብላ አስከፈተችው። ስለዚህ በየምሽቱ እኛ ከታች ስናይ ከማል ከላይ ተኝቶ ይሰማ ነበር። ከተመልካቾቹ መካከል የቀበሌው ጥበቃ ጋሽ መኩሪያ አንዱ ነበር፤ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ ከማል ከተኛበት ጣውላ ትክክል ሥር ተቀምጦ፣ ሻይ በስኳር አብዝቶ ይጠጣ ነበር። ጠዋት ቁርስ ሳቀብለው ከማል በሹክሹክታ ይጠይቀኝ ነበር፤ የዘፋኟ ቀሚስ ምን ዓይነት ነበር፣ ሰው የሳቀው ምን አይቶ ነው እያለ። እኔም ያላየሁትን ሳይቀር ጨማምሬ እነግረው ነበር።

ጥር ገባ፣ ለቀማው አለቀ፣ ሰውም ከማል አልተመለሰም እንዴ ማለት ጀመረ። አባቴ በነጋታው ወደ ሸቤ ሊያሻግረው ከአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ጋር ተስማምቶ ነበር። በዚያ ምሽት አባቴ ለዒሻ ሶላት መስጊድ እንደሄደ፣ ነፋስ ተነሥቶ እንጨቱን አዞረውና ዜናው ሊጀምር ሲል ምስሉ ጠፋ። ቤቱ ሞልቶ ነበር። ሰው ማጉረምረም ሲጀምር ጋሽ መኩሪያ ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ ተነሣና እኔ ወጥቼ ላዙረው አለ።

«ማሎ፣ እባክዎ ጋሽ መኩሪያ፣ እርስዎ ይቀመጡ፤ አባቷ አሁን ይመለሳል» አለችው እናቴ። ድምጿ ቀጥኖ ነበር።

እርሱ ግን ለእንግዳ ክብር የምትለው መስሎት እየሳቀ ወደ ጓዳ ገብቶ፣ መሰላሉን አስጠግቶ፣ አንድ እግሩን አሳረፈ። ይኼኔ መስታወቱ ላይ ጤፉ ወዲያና ወዲህ ተንከራተተና ዜና አንባቢው ክራቫቱ ሳይቀር ጥርት ብሎ ወጣ። ከማል ሰውዬው እንዳይወጣ ብሎ እንጨቱን ማዞሩ ነበር። ነገሩ በዚያው ቢቀር ነፋስ መለሰው ይባል ነበር። እኔ ግን ቴሌቪዥኑ ፊት ነበርኩ፣ ምስሉም ጠራ፣ አፌም እንደ ልማዱ ተከፈተ።

«በቃ ከማል፣ እዚያው ተወው!»

የሳቀ አልነበረም። እናቴ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቀረች። ጋሽ መኩሪያ እግሩን ከመሰላሉ አውርዶ፣ ተመልሶ ቦታው ተቀምጦ፣ ዜናውን እስከ መጨረሻው አየ፣ ሻዩን ጨረሰ፣ አመስግኖ ወጣ። አባቴ ተመልሶ ሲሰማ ከማልን ይዞ ሊወጣ ወደ በሩ ቢሄድ፣ ደጃችን ላይ ሁለት ጥበቃዎች ቆመው አገኘ።

ሲነጋ መጡ። ቤቱን አልፈተሹም፣ ቀጥታ ወደ መሰላሉ ሄዱ። ጋሽ መኩሪያ እናቴን ቀና ብሎ ማየት አቅቶት፣ «እትዬ ፋጡማ፣ ቤት ሙሉ ሰው ሰምቷል፤ ዝም ብል ነገ የምጠየቀው እኔ ነኝ» አላት። ከማል ፀጉሩ አቧራ ለብሶ፣ ከወራት በኋላ ያየው ብርሃን ዓይኑን እየወጋው ወረደ። በአጠገቤ ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ፣ «ጠርቶ ነበር?» አለኝ። ራሴን ነቅንቄ አዎ አልኩት።

ከማሠልጠኛ አንድ ደብዳቤ ጻፈ፤ ከዚያ በኋላ ምንም አልመጣም። ደርግ ወድቆ ወታደሩ በእግሩ እየተንጠባጠበ ሲመለስ እናቴ ሦስት ወር ሙሉ መናኸሪያ እየዋለች ፎቶውን ለመጣው ሁሉ አሳየች፤ አየሁት ያለ የለም። እንዳይለቀስለት ሬሳ የለ፣ እንዳይጠበቅ ዓመቱ አለፈ። ጋሽ መኩሪያ እስከዚያው ዘመን ድረስ እየመጣ ቴሌቪዥን ያይ ነበር፣ እናቴም ሻይ ትቀዳለት ነበር። ጠላሁት፣ ዛሬም እጠላዋለሁ፤ ግን ከእርሱ አስቀድሜ የምጠላው ሰው አለኝ።

ስለዚያ ምሽት በቤታችን ተወርቶ አያውቅም። አባቴ ሳይናገረው ሞተ። እናቴ አርጅታ ከእኔ ጋር መኖር ስትጀምር፣ አንድ ቀን እግሯን እያጠብኩ ይቅር በይኝ አልኳት፤ ምኑን እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

«አንቺ ቀደምሽኝ እንጂ፣ ምስሉ ሲጠራ እኔም ልለው አፌ ደርሶ ነበር» አለችኝ።

እውነቷን ይሁን እኔን ለማሳረፍ ብላ፣ ሳላውቀው ቀበርኳት። አሁን ጅማ ውስጥ የሳተላይት ሳህን የሌለው ጣሪያ ማግኘት ይቸግራል፣ ጎረቤትም ለቴሌቪዥን ብሎ ቤት አይመጣም። የእኔ ልጅ ከማል በተወሰደበት ዕድሜ ላይ ነው፤ ሶፋ ላይ ተንጋሎ ሪሞት ይነካካል፣ ዝናብ ጥሎ ምስሉ ሲቆራረጥበት ይነጫነጫል፣ ተመልሶ ሲጠራ ደግሞ «መጣ!» ይላል። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ዝም እላለሁ።