ሰውዬው እንዳይዞር

የልጆች የሥዕል መጽሐፍ መጻፍ ቀላል የሚመስለው ሞክሮት ለማያውቅ ሰው ነው። እኔ ጭሮ ውስጥ አንደኛ ክፍል አስተምራለሁ፤ በትርፍ ጊዜዬ እጽፋለሁ፣ እስላለሁም። አንዱን ታሪክ ለመጨረስ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ቃላቱ ግን ቢሰበሰቡ አንድ ገጽ እንኳ አይሞሉም። ድካሙ ያለው ከመጻፉ ይልቅ በመተዉ ላይ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ ሰውዬ አህያው ላይ ቡና ጭኖ ከመቻራ ይነሳል። ጆንያው ከኋላ ተቀዷል። በየገጹ ቡናው ይፈሳል፣ ጆንያው ይጎድላል፤ ሰውዬው ግን ፊት ፊት እየሄደ ላገኘው ሁሉ "ጭነቴ ሙሉ ነው፣ አልሐምዱሊላህ" ይላል። ቃሉ ስለ ቀዳዳው ምንም አይናገርም። ቀዳዳው ያለው ሥዕሉ ላይ ብቻ ነው። ማንበብ የማይችል ልጅ እንኳ ከሰውዬው ቀድሞ ያውቃል፣ ገጹን የሚያስገልጠውም ይኸው ነው። ልጅ ከትልቅ ሰው በልጦ የሚያውቅበት ቦታ በዚህ ዓለም ላይ ብዙ የለም።

ለአንድ አሳታሚ ባሳየው "ምክሩ የታለ?" አለኝ። መጨረሻው ላይ "ልጆች ሆይ፣ ንብረታችሁን ጠብቁ" የሚል ነገር እንድጨምርበት ፈለገ። ጥሩ ወጥ ላይ ውሃ ጨምሪበት እንደማለት ነው። ንዴቴን ዋጥ አድርጌ ሥዕሎቼን ሰብስቤ ወጣሁ።

የመጀመሪያዋ አንባቢዬ የወንድሜ ልጅ ናት። ገና ፊደል አልቆጠረችም። የአባቷ እህት ስለሆንኩ "አዳዳ" ትለኛለች፣ እናቷን ደግሞ "አዮ"። ጆንያው ሲጎድል፣ ሰውዬው እንዳይሰማት አፏን በእጇ ይዛ ትስቅ ነበር። የመጨረሻው ገጽ ላይ ሰውዬው ዞሮ ያያል። ያንን ገጽ አልወደደችውም።

"አይዙር፣ አዳዳ። ከዞረ ያለቅሳል።"

"ታዲያ መቼ ይወቅ?"

"ቤቱ ገብቶ። ቁጭ ይበልና ይነገረው።"

አምና እናቴ ስታርፍ ሽማግሌዎች ማልደው መጥተው፣ ወንድሜን መጀመሪያ አስቀምጠው መርዶውን ሲነግሩት አይታለች። የሰው አገር ልጅ ብትሆን ይህን አትለኝም ነበር። ገጹን ግን አልቀየርኩትም።

ወንድሜ ከገበሬ ቡና የሚገዛ ሰብሳቢ ነበር። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ከመቻራ ሲመለስ የተሳፈረበት መኪና ገደል ገባ። ዝናቡ መንገዱን በልቶት ነበር የሚሉ አሉ፣ ሹፌሩ ቸኩሎ ነው የሚሉም አሉ። የዚያኑ ዕለት ወንዶቹ የትውልድ ቀዬአችን መሰላ ወስደው ከአባታችን ጎን ቀበሩት፣ እኛ ሴቶቹም እዚያው ለቅሶ ተቀመጥን። ልጅቷን ጭሮ ጎረቤት ዘንድ ትተናት ነበር።

ለቅሶው ላይ አጎታችን ለልጅቷ እንዳይነገራት ወሰኑ። "ሕፃን ናት። ነፍስ ስታውቅ ትሰማለች" አሉ። "አጎቴ፣ የሚደብቁት ነገር እኮ ፊትዎ ላይ ተጽፏል" ልላቸው አማረኝ። ለሽማግሌ ግን እንዲህ አይባልም።

ጭሮ ስንመለስ የወንድሜ ሚስት መልሱን በቃሏ ይዛው ነበር። "አባ መቻራ ነው፤ ቡናው ሲያልቅ ይመጣል" ትላለች፣ ሳቅ ብላ። ልጅቷ ፊት አንድም ቀን አላለቀሰችም። ማልቀስ ሲያምራት ጓሮ ትወጣለች። ባሏ የሞተባት ሴት ኢዳ በሚባለው የሐዘን ጊዜዋ አትኳኳልምና ኩሏን ትታለች፤ እጇ ላይ የነበረው ሒናም ለቆ ጥፍሯ ጫፍ ላይ ብቻ ቀርቷል። ቃሉ አባትሽ ይመጣል ይላል፣ ሥዕሉ ሌላ ነገር ያሳያል። የእኔኑ ሙያ ለውሸት እንዳዋሉት ታየኝና አንገሸገሸኝ።

ከጊዜ በኋላ ልጅቷ አባቷን መጠየቅ አቆመች። እናቷ "ረሳችው መሰለኝ" አለችኝ። እኔ ግን ፈራሁ። ልጅ መጠየቅ የሚያቆመው መልሱን ሲያገኝ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጽሐፉን ይዛ አጠገቤ ቁጭ አለች። እናቷ ከመጋረጃው ወዲያ ልብስ ታጥፋለች። ማንበብ ጀመርኩ። ቡናው ሲፈስ አልሳቀችም። የመጨረሻው ገጽ ላይ ስደርስ እንዳልገልጠው እጇን ጫነችበት።

"አይዙር ብዬሽ አልነበር?"

"ለምን?"

መጋረጃውን አየት አደረገችና ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። "አዮ አልሰማችም" አለችኝ።

"ምኑን?"

"አባ መሞቱን። ቦኖ ውሃ ጋ ልጆች ነገሩኝ። አዮ ግን መቻራ ነው ትላለች፣ እየሳቀች። ማንም አልነገራትም። አንቺም እንዳትነግሪያት፣ እሺ?"

እኔ የፈራሁት የእናቷን ፊት አይታ እንዳታውቅ ነበር። እሷ ደግሞ እናቷን ቃል በቃል አምናታለች። ስለዚህ ለእሷ የመጽሐፉ ሰውዬ እናቷ ሆነችና፣ እሷ ከኋላ ከኋላ እየሄደች፣ ቡናው ሲፈስ እያየች፣ አፏን በእጇ ይዛ ከርማለች። እኛ ትልልቆቹ ልንሸከመው ያቃተንን ነገር ብቻዋን ይዛው ስትዞር አንዳችንም አላየንም።

ያን ጊዜ እናቷ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ብቅ አለች። ምንም አልሰማችም። "ምንድን ነው የምትንሾካሾኩት?" አለች፣ ያችኑ ሳቋን ይዛ።

የአጎታችንን ቃል ተውኩት። "ልጅሽ የምትነግርሽ ነገር አላት" አልኳት።

ልጅቷ ገልመጥ አድርጋ አየችኝ፤ ጉድ ሠርቻታለሁ። ከዚያ ተነሳችና የእናቷን እጅ ይዛ ወደ ፍራሹ ሳበቻት።

"አዮ፣ መጀመሪያ ቁጭ በይ" አለቻት።