የእስክሪብቶ ክዳን ቀዳዳ

ባለፈው ሳምንት ከልጅ ልጄ ጋር ደብተርና እስክሪብቶ ልንገዛ ዲላ ወጥተን ነበር። ልጅቷ የአንዱን እስክሪብቶ ክዳን አገላብጣ አየችና፣ «አያቴ፣ ይሄኛው ጫፉ ቀዳዳ ነው፤ ይቀየርልን» አለችኝ። ባለሱቁ ሁሉም እንደዚያው መሆናቸውን አሳያትና፣ «ቀለሙ እንዳይደርቅ ነው» አላት። እኔ ግን የዚያችን ቀዳዳ ሥራ በጆሮዬ ሰምቼ ነው ያወቅሁት።

ወናጎ ከተማ ዘጠነኛ ክፍል ስማር፣ አስቴር የምትባል ጓደኛዬ አጠገቤ ነበር የምትቀመጠው። ሳቂታ ልጅ ነበረች፤ የእስክሪብቶ ክዳን ማኘክም ልማዷ ነበር። ወሩ ኅዳር ነበር። በቡና ሰሞን ግማሹ ተማሪ ለቀማ ስለሚውል ትምህርት ቤቱ ጭር ይላል፤ እኔ ያን ጭርታ እወደው ነበር። በዕረፍት ሰዓት ደጃፍ ተቀምጠን አንድ ነገር ነገርኳትና ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ተቆረጠ። ክዳኑ ትን ብሏት ጉሮሮዋ ውስጥ ገብቶ ነበር።

በሩ ላይ ስኳር ድንችና ቆጮ የሚሸጡት እትዬ ወይኒቱ እየሮጡ መጡ። ደግ ሴት ነበሩ። ቆጮ ቆርሰው ወደ አፏ አስጠጉላት።

«ዋጪው፣ የኔ ልጅ። ይገፋልሻል።»

ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። አስቴር አየር በሳበች ቁጥር ከጉሮሮዋ ቀጭን ፉጨት ይወጣል። ድምፁን አውቀዋለሁ፤ መምህሩ ፊቱን ሲያዞር ክዳን እየነፋን የምንረብሽበት ፉጨት ነው። አየር እየገባ ነው ማለት ነው።

የእትዬ ወይኒቱን እጅ ያዝኩ። የታላቅን እጅ መያዝ በእኛ ዘንድ ነውር ነው።

«አይስጧት፣ እትዬ። እየተነፈሰች ነው፤ ምግቡ ይደፍነዋል።»

«አንቺ ሐኪም ነሽ?»

«አይደለሁም። ግን አይስጧት።»

ተቆጡ፤ ግን እጃቸውን ሰበሰቡ። እኔ አስፋልቱ ላይ ወጥቼ እሸት ቡና የጫነ አይሱዙ አስቆምኩ። ሹፌሩ ብዙ ሳይጠይቅ ጋቢና አስገባን። እስከ ዲላ ቀና አድርጌ ደግፌያት ፉጨቱን አዳምጣለሁ። ፉጨቱ ሲቀጥን ጆሮዬን ወደ አፏ አስጠጋለሁ።

«እንዳትናገሪ። ቀስ ብለሽ ሳቢ» እላታለሁ።

ሆስፒታል ስንደርስ የሆነውን ሁሉ፣ የቆጮውንም ነገር ለሐኪሙ ነገርኩት፤ እሱም አስተኝቶ በረጅም መቆንጠጫ አወጣላት። ከዚያ ክዳኑን ይዞ ወደ እኔ መጣና ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳው።

«ይህቺን ቀዳዳ ታያለሽ? ክዳኑ ሰው ጉሮሮ ውስጥ ቢቀረቀር አየር እንድታሳልፍ ነው የተሠራችው። ጓደኛሽ ቆጮውን ውጣ ቢሆን ቀዳዳዋ ትደፈን ነበር።»

በማግስቱ እትዬ ወይኒቱ ጠርተው ትኩስ ስኳር ድንች ሰጡኝ።

አስቴር ዛሬ ወርቃ በሚባል መንደር የቡና ማሳዋ ላይ ናት፤ ሳቋ ከአጥር ማዶ ይሰማል። እኔ ደግሞ ክዳኑን መጀመሪያ የበሳውን ሰው አልፎ አልፎ አስበዋለሁ። ልጅ ያገኘውን አፉ ውስጥ ከመክተት እንደማይመለስ አውቋል። ስለዚህ ጥፋቱ ሲመጣ እንዳይገድል አድርጎ ሠራው። አምስት ልጆች ያሳደግሁት በዚህ ነው። ማጥፋታቸው አልቀረም፤ አጥፍተው የሚመለሱበትን በር ግን አንድም ቀን ዘግቼባቸው አላውቅም።