ጫልቱ የምታውቀው ሌባ

ትናንት አዳማ መናኸሪያ አጠገብ፣ ከተዘረጉት አሮጌ መጻሕፍት አንዱን አንስቼ ስገልጠው የወረቀቱ ሽታ ወደ እትዬ በላይነሽ በረንዳ መለሰኝ። ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ ጡረታ የወጡ መምህርት ነበሩ። በንጉሡ ዘመን ሌባ እያደነች ስለምታስቀን አንዲት ልብስ ሰፊ የተጻፉ ተከታታይ መጻሕፍትን ለእኔና ለጓደኛዬ ለጫልቱ ያነቡልን ነበር። መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አውልቀው፣ "እህ፣ ሌባው ማነው?" ይሉናል። ሁልጊዜ የምታውቀው ጫልቱ ናት።

ቅናቱ አላስችል ቢለኝ፣ አንድ ቀን እሳቸው ውሃ ሊጠጡ ሲገቡ መጨረሻውን ተደብቄ አነበብኩ። ገና ሲመለሱ፣ "የባቡር ጣቢያው ሹም ነው" አልኩ።

"ጎሽ። በምን አወቅሽ?"

እትዬ በላይነሽ አንዴ መጽሐፉን፣ አንዴ እኔን አዩ። ይሄኔ ጫልቱ፣ "እጅጌው ላይ ጥላሸት ነበረበት ስትለኝ ነበር" ብላ ዋሸችልኝ።

"አንቺ ልጅ" አሉኝ እሳቸው፣ "ጓደኛ አለሽ።"

ከብልህነቷ ይልቅ ደግነቷ አንገበገበኝ። ሳምንት ሙሉ አኮረፍኳት።

ጫልቱ አሁን ባቱ እንደምትኖር ሰምቻለሁ። ትናንት ያነሳሁት ያኔ ያልተነበበልን የልብስ ሰፊዋ ሌላ መጽሐፍ ነበርና ገዝቼ ሚኒባስ ውስጥ ማንበብ ጀመርኩ። ሃያኛው ገጽ ላይ ስደርስ፣ እሷ ብትሆን ሌባውን እስካሁን ትለየው ነበር ብዬ ቀናሁ።