ለዶሮ የተጠቀለለ ፋሻ

በኔግሮስ ደሴት ሸንኮራ የምትቆርጠው አደልፋ ሁለት ጣቶቿን ገጀራ በልቶባታል። ከዚያ ወዲህ ነው በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ለቤቱ ሰው ፋሻ፣ ጥጥና አልኮል ማጠራቀም የጀመረችው። ባሏ ኔስቶር ግን፣ አይ ኔስቶር! በየእሁዱ በውርርድ እያዋጋቸው ቆስለው ለሚመለሱት አውራ ዶሮዎቹ ያንኑ ይመዘብራል።

«አንተ ሰው፣ ለልጆችህ ያኖርኩትን!»

«በዶሮዎቹ አይደል እንዴ የምንበላው?»

«አፈር ብላ! የምንበላው በኔ ገጀራ ነው!»

አንድ እሁድ ጠዋት የቆሰለ ዶሮ የሚሰፋው ጎረቤታቸው ቲዮ ዶሚንግ አውራውን አቅፎ ቆሟል። ኔስቶር ቁጢጥ ብሎ የዶሮው እግር ላይ ለውጊያው ጣት የምታህል ስለት ያስራል። ዶሮው ድንገት ተፈናጠረ። ስለቱ የኔስቶርን ጭን ሰንጥቆ መሬት ላይ ወደቀ። ደሙ ተተኮሰና የቲዮ ዶሚንግን ፊት አለበሰው።

አደልፋ እየሮጠች ቆርቆሮውን ከፈተች። ባዶ! የመጨረሻው ፋሻ ባለፈው እሁድ የቆሰለ ዶሮ ክንፍ ላይ ተጠቅልሏል።

«አይዞሽ ልጄ፣ እኔ አለሁ» አለ ቲዮ ዶሚንግ። «ስንቱን ዶሮ ከሞት አውጥቻለሁ!»

በዚያው በዶሮ መርፌው እየወጋ ቆዳውን ግጥም አድርጎ ሰፋው። ደሙ ቆመ። የተሰበሰበው ጎረቤት አጨበጨበ።

የኔስቶር ከንፈር ግን አመድ መሰለ። አደልፋ ጭኑን ስትነካው እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ሸንኮራ እርሻ ላይ ስንት ሰው ሲደማ ያየች ሴት ናት፤ ደሙ ወደ ውስጥ እየፈሰሰ መሆኑ ገባት። ስለቱን አንስታ ስፌቱን በጣጠሰችው። ደሙ ፊቷ ላይ ፈነዳ።

«ገደለችው! ያዟት!» ብሎ ጎረቤቱ ጮኸ።

ቲዮ ዶሚንግ ፀጉሯን ጨምድዶ ጎተታት። በክርኗ አፍንጫውን አደቀቀችው።

«ዞር በል፣ አንተ ሽማግሌ! ይሄ ዶሮ አይደለም፣ ባሌ ነው!»

ቀሚሷን ቀድዳ ቁስሉ ውስጥ ጠቀጠቀች፤ በላዩ በጡጫዋ ተጫነችው። ኔስቶር እንደሚታረድ በሬ ጮኸ። መጮሁ ደስ አላት፤ የሞተ ሰው አይጮህም። የጫናቸው ባለ ሦስት እግር ሞተር ሆስፒታል እስኪደርስ እጇን አላነሳችም።

«ስፌቱን የከፈተው ማነው?» አለ ሐኪሙ። ሁሉም ጣቱን አደልፋ ላይ ቀሰረ። «ባትከፍተው ኖሮ መንገድ ላይ ይቀር ነበር።»

በማግስቱ ኔስቶር ዓይኑን ገለጠ። ሚስቱን አያትና «ዶሮውስ? ተጎዳ እንዴ?» አላት።

በጥፊ አጮለችው። ነርሷ እየሮጠች መጣች።

«ኧረ እትዬ፣ በሽተኛ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ፣ የኔ በሽተኛ ነው» አለችና አልጋው ጠርዝ ላይ ተደፍታ፣ ከትናንት ጀምሮ ያፈነችውን ለቅሶ ለቀቀችው።