የአቶ ያለው በቅሎ እርግዝና

አቶ ያለው በቢቸና ዙሪያ በበቅሎ አያያዛቸው የታወቁ ገበሬ ናቸው። ሙሽሮች የሚቀመጡባትን በቅሎ የሚለምኑት ከሳቸው ነው። አምና ከሞጣ ገበያ፣ ከሊፋ ከሚባል ነጋዴ፣ አንዲት ዳማ በቅሎ ገዝተው መጡ።

ክረምቱ ሲጋመስ የበቅሎዋ ሆድ ግራና ቀኝ እየሰፋ ሄደ። አቶ ያለው ሁለት ሳምንት ዝም ብለው አዩና በሦስተኛው ማርገዟን ለሰፈሩ አወሩ። በቅሎ እንደማትወልድ ከልጅነታቸው ያውቃሉ፤ ይቺኛዋ ግን የተለየች ናት ብለው አመኑ። ጭነት አስቀሩላት፤ ገበያም በእግራቸው ይሄዱ ጀመር። ሊዋሳት የመጣውንም ሙሽራ ልትወልድ ነው ብለው መለሱት።

ለመስቀል ሞጣ ባዮሎጂ የምታስተምረው የእህታቸው ልጅ ፈንታነሽ መጣች። ነገሩን ስትሰማ ባቄላና አተር በቁና አስመጥታ ሰፌድ ላይ ትደረድር ገባች። በሰውም በከብትም ሴል ውስጥ ክሮሞዞም የሚባሉ ዘር ተሸካሚ ክሮች እንዳሉ ነገረቻቸው። እንደ ጥማድ በሬ ጥንድ ጥንድ ናቸው፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። እንዲህ ሁለት ሁለት የያዘ ሴል ዲፕሎይድ ይባላል። ለመውለድ ጥንዱ ተገናኝቶ፣ ተለያይቶ፣ ግማሹ ለልጅ መተላለፍ አለበት። በቅሎ ግን ከፈረስ እናቷ ሠላሳ ሁለት፣ ከአህያ አባቷ ሠላሳ አንድ ትወስዳለች፤ ባቄላው የፈረስ፣ አተሩ የአህያ ነውና በወጉ አይጣመድም። በመጨረሻም አንዲት ባቄላ ብቻዋን ቀረች።

አቶ ያለው ባቄላዋን ትክ ብለው አዩዋት። ከቁናው አንድ አተር አንስተው አጠገቧ አስቀመጡና፣

«ይኸው፣ አለቀ» አሉ።

«ጋሼ፣ ለሰፌዱ ነው የጨመሩት» አለች ፈንታነሽ። «በቅሎዋ አሁንም ስድሳ ሦስት ናት።»

«ሆዷስ?»

«የምትውልበትን እንይ» አለች ፈንታነሽ። በማግስቱ በቅሎዋን ፈትተው ተከተሏት። በቅሎዋ ቀጥ ብላ ወይዘሮ ባንቺዓለም ጠላ ቤት ጓሮ ገባችና አፏን አተላው ገንዳ ውስጥ ነከረች። ባንቺዓለም በቅሎዋ ሁለት ወር ሙሉ ስትመላለስ አቶ ያለው የላኳት መስሏቸው ነበር።

አቶ ያለው ሲመለሱ አንገታቸውን ደፍተው ነበር። እቤት ሲደርሱ ደግሞ የጎረቤት ሴቶች ለአራሷ ገንፎ ብለው ሁለት ቅል ቅቤ አምጥተው ጠበቋቸው። እውነቱን ሲነግሯቸው ሴቶቹ ተያዩ፤ ቅቤውን ይዞ መመለስ ግን ነውር ነው። ገንፎው ተገነፋ። አቶ ያለው መጀመሪያ አፍረው ራቅ ብለው ተቀመጡ፤ ኋላ ግን ከሁሉም አብልጠው የበሉት እሳቸው ናቸው።