ያልተጠየቀችው አሪየት

ባለፈው ሳምንት አልለቅ ያለኝን ሳል ልመረመር ጅማ ሐኪም ቤት ገብቼ ነበር። ልጅ እግር የሆነው ሐኪም ትኩሳት እንዳለኝ፣ ሌሊት እንደሚያልበኝ ጠየቀኝና፣ «እማማ፣ ያጨሳሉ?» ብሎ ቀጠለ። አብራኝ የመጣችው ልጄ ከወንበሯ ብድግ አለች።

«እንዴ ዶክተር! እናቴን?»

ሐኪሙ ደንግጦ ይቅርታ ጠየቀና መልሴን ሳይጠብቅ ወደሌላ ጥያቄ አለፈ። እኔ ግን አሪየት ፊቴ ላይ ድቅን አለችብኝ።

ጋምቤላ ገና ክልል በሆነች ሰሞን ከጎሬ ወርጄ እዚያ መምህርት ሆኜ ነበር። ቤት የተከራየሁት ባሮ ዳር፣ አሪየት ከምትባል የአኙዋክ ሴት ግቢ ነው። ባሏ ሞቷል፤ ልጇ ኡጁሉ በአዲሱ የክልል መሥሪያ ቤት ሥራ ይዟል። አመሻሽ ላይ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ቤቱ ገና ዓሣ ዓሣ እየሸተተ፣ ማንጎው ሥር ትቀመጥና ጋያዋን ታነሳለች። አንገቱ ረዘም ያለ ቅል ነው፤ ውስጡ ውሃ፣ ጫፉ ላይ ራሷ ወንዝ ዳር ያበቀለችው ትምባሆ። ስትስበው ውሃው ቡልቅ ቡልቅ ይላል። እዚያ አገር ሴት ጋያ ብታጨስ ነውር የለውም፤ ጎረቤቶቿም እየተቀባበሉት ነው የሚያወጉት። መጀመሪያ ያየሁ ዕለት አፌን ከፍቼ ብቀር፣ «መምህር፣ ዝንብ ይገባል!» ብላ ሳቀችብኝ።

ክረምት ላይ ሳል ጀመራት። ጭቃውን እየረገጥን ጤና ጣቢያ ሄድን። ድሬሰሩ ከወሎ የመጣ፣ አሮጊት ስትገባ ከመቀመጫው የሚነሳ ጨዋ ሰው ነበር። ከእኛ ፊት የነበሩትን ሽማግሌ ትምባሆ ያጨሱ እንደሆነ ሲጠይቃቸው ሰምቻለሁ። አሪየትን ግን ስለ ላቡና ስለ ክሳቱ ጠየቃትና በዚያው አበቃ። ትምባሆና ሳንባን ምን እንደሚያገናኛቸው እኔም አላውቅም ነበር። አክታዋ ተመርምሮ ቲቢ አልተገኘበትም። ሆኖም ያኔ ሳል ሁሉ ቲቢ ነበርና መርፌው ተጀመረላት። ክረምቱ ወጣ፣ ባሮ ጎደለ፣ ማንጎው አበበ። አሪየት ግን መርፌ የሚገባበት ሥጋ እስኪታጣ ድረስ ከሳች።

በመጨረሻ ኡጁሉ በጭነት መኪና አሳፍሮ ጅማ ወሰዳት። ራጅ ያየው ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ትምባሆ ነበር። ካንሰር ነው አለ። ቀደም ብሎ ታውቆ ቢሆን አዲስ አበባ ተልካ በቀዶ ጥገና ለማውጣት ይሞከር ነበር፤ አሁን ግን ቤቷ ብትሆን ይሻላታል አለው።

ኡጁሉ እንደተመለሰ የመንገዱን አቧራ እንኳ ሳያራግፍ ድሬሰሩ ዘንድ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት።

«ለምን አልጠየቅካትም?» አለው ኡጁሉ።

ድሬሰሩ አቀረቀረ። «እናቴን የምታህል ሴት፣ ትምባሆ ያጨሳሉ ወይ ብዬ እንዴት ልዝለፋት?»

አክብሮቱ ከልቡ ነበር፤ እኔን ያንገበገበኝም ይኸው ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ሰድቤው በወጣልኝ ነበር።

ነገሩን ስንነግራት አሪየት በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ «እሱ ቢጠይቅ፣ እኔ ይናገራል» አለችን። «ጋያ ስርቆት ነው እንዴ?»

ባሮ እንደገና ሳይሞላ ቀበርናት።

እናም ባለፈው ሳምንት ከምርመራ ክፍሉ ስወጣ ወደ ሐኪሙ ዞር አልኩ። «ልጄ፣ እኔ አላጨስም። አንተ ግን ሴትም ትሁን መነኩሲት፣ ሁሉንም ጠይቅ» አልኩት። «እሺ እማማ» አለኝ እየሳቀ።

ከእኔ ቀጥላ የገባችው ረጅም ሴት ነበረች፤ በዕድሜ እኩያዬ፣ አነጋገሯም የዚያው የጋምቤላ። በሩ ገርበብ እንዳለ ነበርና ቆሜ አዳመጥኩ። ስለ ትኩሳቱ ጠየቃት። ስለ ላቡ፣ ስለ ክሳቱም ጠየቃት። ከዚያ ትንሽ አመነታና፣ «በሉ እማማ፣ ጀርባዎን ላዳምጥ» አላት።

ያን ሁሉ ዓመት ምን ስንማር ኖርን? ሞታ እንኳ አንድ ጥያቄ ማስጠየቅ ያልቻለችው አሪየት አንጀቴን በላችው።

ልጄ ክንዴን ይዛ፣ «ሰማሽው?» አለችኝ ደስ ብሏት። «ሥርዓት ገባው።»