መርዶ በረግረጉ ዳር

ጄኔቭ ውስጥ የሠራሁትን ሥራ ለአዲስ አበባ ሰው በስልክ ማስረዳት አቅቶኝ ቀርቷል። "ምን ትሠራ ነበር?" ሲሉኝ "አውሬ አጠምድ ነበር" እላለሁ፤ ይስቃሉ። የምሬን ነው። ከምርጫው በኋላ ታስሬ የተፈታሁ፣ በሱዳን አድርጌ እዚህ የደረስኩ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፤ ጄኔቭ ዳር ካለችው ከቶኔ ወዲያ፣ የፈረንሳይ ድንበር አጠገብ ባለ ረግረግ ውስጥ በጎማ ቦቲ ሦስት ዓመት ቪዞን ሳሳድድ ኖሬአለሁ።

ቪዞን ማለት ድመት የማታክል፣ ቀጠን ረዘም ያለች፣ ፀጉሯ የሚያብረቀርቅ አውሬ ናት። ድሮ ለቆዳዋ ሲያረቧት ያመለጠች ናት ይላሉ። መልኳን አይታችሁ እንዳትሸወዱ። የዳክዬውን እንቁላል፣ ጫጩቱን፣ እንቁራሪቱን ሙልጭ አድርጋ ትበላለች። አንድ ኩሬ ዳር ከሰነበተች እዚያ የወፍ ድምፅ አትሰሙም።

አለቃዬ ረግረጉን የሚጠብቅ፣ ጡረታው የተቃረበ ስዊሳዊ ነበር። ወሬ አይወድም፤ ሥራውን ያስተማረኝ በእጁ እያሳየ ነው። ከሸምበቆው ሥር ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ሳንቃ ታስራለህ። ሳንቃው ላይ እርጥብ ሸክላ አፈር በሳህን ታስቀምጣለህ። ጠዋት ሄደህ ጭቃውን ታያለህ፤ የቪዞን ዳና ካገኘህ ያን ጊዜ የሽቦ ሳጥን ትተክልና ዓሣ ትጨምርበታለህ። ስትገባ በሩ ከኋላዋ ይዘጋል። ሳጥኑ አይገድልም፤ ሕጉ ጥብቅ የሆነውም ለዚህ ነው። ሳጥን የተከለ ሰው በየቀኑ ጎህ ሲቀድ ሄዶ ማየት አለበት። ሌላ እንስሳ ከገባ ይለቀቃል፤ ቪዞን ከሆነች አለቃዬ በትንሿ ጠመንጃው ይገላግላታል። እኔ ያን ጊዜ ፊቴን አዞራለሁ። እሑድ የለ፣ በዓል የለ፣ ኦኔ ሰፈር ካለው ቤቴ በመጀመሪያው አውቶቡስ ወጥቼ ሳይነጋ እዚያ ነኝ። ያ የጠዋት ሥራ ነው ጉድ የሠራኝ።

እናቴን ካየኋት ዘጠኝ ዓመት አልፎኝ ነበር። እኔ ስደተኛ ነኝ፤ አገሬ መግባት አልችልም። እሷ ልቧን ታማለች። የቀረን አንድ መንገድ እሷ ለሦስት ወር መጥታ እንድትጠይቀኝ ማስፈቀድ ነበር። ማመልከቻ አስገብቼ ወራት ጠበቅሁ። እሑድ እሑድ ስደውል "ወረቀቱስ?" ትለኛለች።

"በቅርቡ ነው እማዬ።"

"ቶሎ በሉ በላቸው እንጂ! እኔ እኮ ልጅ አይደለሁም።"

ከዚህ ሌላ የምፈልገው ነገር አልነበረም። ሳትሞት አንድ ጊዜ ዓይኗን ማየት፣ በቃ።

አንድ እሑድ ስደውል እህቴ አነሳችው። "እማዬ ጸበል ሄዳለች" አለችኝ። በሚቀጥለው እሑድም "እዚያው ትሰነብታለች፣ ስልክ አይገባም" አለችኝ። እሰይ አልኩ። ጸበል ለመሄድ ከበረታች አውሮፕላኑንም ትችለዋለች ብዬ ተጽናናሁ።

በዚያው ሰሞን ፖርቱጋላዊት ጎረቤቴ ደረጃው ላይ አገኘችኝና "ጥቁር የለበሱ ሰዎች በማለዳ መጥተው በርህን ያንኳኳሉ" አለችኝ። እኔ ሆዬ ሃይማኖት ሰባኪዎች መስለውኝ "ተመልሰው ከመጡ የለም በያቸው" አልኳት። አያችሁልኝ! መርዶ የማላውቅ ሰው ብሆን ምን አለ። አምና እኮ እዚሁ ኦኔ አንዲት ሴት አባቷ ሞቶባት፣ ዘጠኝ ቀን ደብቀናት፣ እኔው ራሴ ፊቷ እየሳቅሁ ሻይ ጠጥቻለሁ። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ሌሊቱን ከሐዘኑ ጋር ብቻውን እንዳያድር ማታም አይነገርም። ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ቤቱ ድረስ ተሂዶ ነው። የሌላ ሰው ጉዳይ ቢሆን በአንድ ደቂቃ ይገባኝ ነበር።

ጋሼም ደወሉልኝ። ጋሼ የምላቸው በደርግ ጊዜ የመጡ፣ ጄኔቭ ውስጥ ትራም ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ለደስታም ለሐዘንም ሁላችንን የሚሰበስቡን ሽማግሌ ናቸው።

"አንድ ቀን እንኳ ጠዋት ቤትህ አትገኝም?" አሉኝ።

"ቪዞን እሑድ አታውቅም ጋሼ።"

"እስቲ ፈቃድ ጠይቅ።"

"ምነው፣ ናፈቅኩዎት እንዴ? ማታ ይምጡ፣ ቢራ አለኝ" ብዬ ቀለድኩ። እሳቸውም "ይሁን፣ ይቅር" ብለው ዘጉት።

ዓርብ ዕለት ደብዳቤው መጣ። ተፈቅዷል! ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ወዲያው ለእህቴ ደውዬ "ተፈቀደላት! ሂጂና ንገሪያት!" ስላት ጮኸች። ጩኸቷ የጤና አይመስልም ነበር፤ እኔ ግን ደስታ ነው ብዬ "አይዞሽ የኔ እናት፣ እልል በይ እንጂ!" አልኳት። እግዜር ይያት፣ እልል አለችልኝ።

በማግሥቱ ዙሪክ አጠገብ ክሎተን ሠርግ ነበረብን። ሳጥኖቼን አይቼ፣ ልብሴን ቀይሬ፣ ደብዳቤውን ደረት ኪሴ ከትቼ ከጄኔቭ ሰዎች ጋር በባቡር ሄድኩ። ለሁሉም አሳየሁ። "እንኳን ደስ ያለህ" ይሉኛል፤ ዓይኔን ግን አያዩም። ቀንተው ነው አልኩ በሆዴ። ዘፈኑ ሲጀመር ማን ይቻለኝ! ላብ እስኪያጠምቀኝ እስክስታ ወረድኩ። ጋሼ ጥግ ተቀምጠው ያዩኝ ነበር። ድንገት ተነሡ፣ ያ ሪህ የሚያሰቃያቸው ሰውዬ፣ መጥተው ከጎኔ ጨፈሩ። ትከሻቸው አልታዘዝ አላቸው። "አይ ጋሼ! እርስዎ እኮ ገና ነዎት!" አልኳቸው። ፊታቸው ርሶ ነበር። ላብ መስሎኝ መሀረቤን ሰጠኋቸው።

ማክሰኞ ጠዋት ረግረጉን ጭጋግ ሸፍኖታል። ሁለተኛው ሳጥን ውስጥ ቪዞን ገብታ ሽቦውን ትነክሳለች። አለቃዬን ልጠራ ቀና ስል፣ ረግረጉን በሚያቋርጠው የእንጨት መሄጃ ላይ ሰዎች ሲመጡ አየሁ። ሰባት ስምንት ይሆናሉ። ወንዶቹ ጥቁር ኮት ለብሰው፣ ሴቶቹ ነጠላ አዘቅዝቀው፣ ሁሉም በከተማ ጫማ። ጋሼ ከፊት ናቸው። አንዷ አንሸራትቷት እግሯ ጭቃ ውስጥ ገባ፤ የሳቀ የለም። የነጠላውን አለባበስ ሳይ ቁልጭ ብሎ ገባኝ።

"አትምጡ!" ብዬ ጮህኩ። "እዚያው ቁሙ! አትምጡብኝ!"

መጡ። ጋሼ ሁለቱን እጆቼን ያዙ። "ልጄ፣ እናታችን አርፈዋል" አሉኝ። ሴቶቹ እሪ አሉ። ኩሬው ላይ የነበረው ዳክዬ ሁሉ ግር ብሎ ተነሣ።

"መቼ?"

"ዛሬ አሥራ ሰባተኛ ቀናቸው ነው።"

ቆጠርኩት። ጸበል ሄደች የተባልኩ ዕለት አስከሬኗ ገና ቤት ነበር። ተፈቀደላት ብዬ እህቴን እልል ያስባልኳት እናታችን ከተቀበረች በኋላ ነው። ደሜ ፈላ።

"አስጨፈሩኝ እኮ!" አልኳቸው። "እናቴ አፈር ለብሳ አስጨፈሩኝ! እንዴት አስቻለዎት?"

"አላስቻለኝም" አሉ። "እህትህ ከነገረችን ጀምሮ ሦስት ጠዋት በርህ ላይ ቆመን ተመልሰናል። ማታ እንዳንነግርህ ብቻህን ታድራለህ ብለን ፈራን። ከሠርጉ በኋላ ግን ከዚህ በላይ አልችልም አልኩ።"

"ውሸታሞች! ሁላችሁም ውሸታሞች ናችሁ!"

እጄ ተነሥቶ ነበር። የአባቴ እኩያ የሆኑትን ሰው ልመታ። አንዱ ከኋላ ያዘኝ።

አለቃዬ ጩኸቱን ሰምቶ፣ ሰው የሰጠመ መስሎት፣ ጠመንጃውን እንደያዘ እየሮጠ ደረሰ። የያዘኝ ሰው እናቴ እንደሞተች በፈረንሳይኛ ነገረው። ኮፍያውን አወለቀ። መቼ ብሎ ሲጠይቅ፣ ሁለት ሳምንት አልፏል ተባለ። ያ ዝምተኛ ሰውዬ ፊቱ ተለወጠ። ሌባ የያዘ ይመስል አንድ በአንድ አያቸው፤ በተለይ ጋሼን። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "እነዚህ ሰዎች ይህን ሁሉ ቀን ደብቀውህ ነው?" አለኝ።

ምን ብዬ ላስረዳው? ጋሼን አየኋቸው። እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ጭቃ ውስጥ ነው። ከንፈራቸው በብርድ ይንቀጠቀጣል።

"አይደለም" አልኩት። "ነግረውኛል። አውቅ ነበር።"

ጋሼ ፈረንሳይኛ ይሰማሉ። እንደ ሕፃን ተንሰቅስቀው ደረቴ ላይ ወደቁ፤ ያን ጊዜ ነው እኔም ስለ እናቴ ያለቀስኩት።